ነጭ ጠርዝ

«መጀመሪያ ማእዘኖቹን» አሉ ጋሽ ብርሃኑ። «አራቱንም። ሳትቸኩዪ።»

ሪሐብ ማጉያ መነጽሩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። ከመነጽሩ ስር ያለው ካርድ ከመዳፏ ያንሳል። ቢጫ ሰማይ ስር የቆመ፣ ቆብ ያደረገ የቤዝቦል ተጫዋች ተስሎበታል፤ ጀርባው ላይ የሲጋራ ማስታወቂያ አለ። ከታተመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ አሜሪካ ውስጥ የትምባሆ ፋብሪካዎች ሲጋራው እንዳይጨማደድ ፓኮው ውስጥ ጠንካራ ወረቀት ይጨምሩ ነበር፤ ቆይተው ደግሞ ደንበኛ ለመሳብ የተጫዋቾችን ስዕል አተሙበት። አባት ሲጋራውን ያጨሳል፣ ካርዱን ለልጁ ይሰጣል፤ ልጁም ኪሱ ውስጥ ሲያሻሸው ይከርማል። ስለዚህ ሳይጎዳ እዚህ የደረሰ ካርድ ጥቂት ነው፤ ሰብሳቢዎችም ለእያንዳንዱ እንደ ጉዳቱ ከአስር ነጥብ ይሰጡታል።

«ከላይ በግራ በኩል ያለው ዶልዱሟል» አለች ሪሐብ። «የቀሩት ኦኬ ናቸው። ግን መሃሉ ላይ እጥፋት አለ። ቀጭን ነው፤ ወደ መብራቱ ሲያዘነብሉት ብቻ ነው የሚታየው።»

«እና ስንት እንስጠው?»

«ከአስር ሦስት። ምናልባት፣ ላይክ፣ ሦስት ተኩል።»

«ይሄ ‹ላይክ› የምትዪው ነገር ቁጥሩን ይጨምረዋል ወይስ ይቀንሰዋል?»

ሪሐብ ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ከሰው ጋር ስትነጋገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

አስራ አራት ዓመቷ ነው። እሷና እናቷ ሰዓዳ ለንደን ውስጥ ከሃክኒ ወደ ስትሪትሃም የመጡት የትምህርት ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነበር። የድሮው ሕንጻ ሊፈርስ ስለሆነ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ እዚህ፣ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከሱቆች በላይ ያለ ፍላት ሰጣቸው። ቤቱ ከድሮው ይሻላል። ትምህርት ቤቱ ግን ሁሉም ጓደኛውን ይዞ ከጨረሰ በኋላ የገባችበት ቦታ ነው። ማንም አልሰደባትም፤ ማንም አልገፋትም። ዝም ብሎ ማንም አላያትም። ምሳ ሰዓት ላይ ላይብረሪ ገብታ አንድ መጽሐፍ ትዘረጋለች፤ ሰው ሲያልፍ ገጽ ትገልጣለች። የሃክኒ ጓደኞቿ ግሩፕ ቻት መጀመሪያ ሰሞን ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ይውል ነበር። አሁን ከመካከላቸው ሳፋ አልፎ አልፎ አንድ የሚስቅ ፊት ትልካለች፤ ሪሐብም አንድ የሚስቅ ፊት ትመልስላታለች። ሁለቱም እንዳልሳቁ ያውቃሉ።

ጋሽ ብርሃኑ ከእነሱ በታች ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። መጀመሪያ ያናገሯት ደረጃው ላይ ነው። የመድኃኒት ጠርሙስ እያሳዩ «የኔ ልጅ፣ አበሻ ነሽ አይደል? እስቲ ይህን አንብቢልኝ» አሏት። ዓይናቸው ደክሟል። የሚገርመው ዳር ዳሩን ያያሉ፤ የማያዩት መሃሉን ነው። ሰው ሲያናግሩ ፊታቸውን ትንሽ ወደ ጎን ያዞራሉ፤ ለማያውቃቸው ሰው ያኮረፉ ይመስላሉ። ካርድ መሰብሰብ የጀመሩት ለንደን በገቡ ሰሞን ነበር፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልታየሽ ባረፉ ማግስት ዓይናቸውም ከዳቸው። የካርዶቹ አልበሞች መደርደሪያው ላይ ተደርድረው ቀሩ። ሪሐብ ጠርሙሱን አንብባ ከገባች በኋላ፣ በሌላ ቀን አንድ ካርድ አየችላቸው። ከዚያ ሌላ። አሁን ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳዋን ሳታወርድ የምታንኳኳው የእሳቸውን በር ነው።

«ጓደኞችሽ የት ሄደው ነው ከሽማግሌ ጋር የምትውዪው?» ብላ ነበር እናቷ። ከዚያ የተናገረችው ነገር የቆጫት ይመስል «ይሁን፣ ከስልክሽ ይሻላል» አለች።

ጋሽ ብርሃኑ ተነሱ። መደርደሪያውን በእጃቸው እየዳበሱ ሄደው ትንሽ የብር ፍሬም ይዘው ተመለሱ። ሪሐብ ፍሬሙን ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ አንስታው ግን አታውቅም።

«ዛሬ ይህንን ታይልኛለሽ።»

«ይሄማ ያ የሳጅኑ ካርድ አይደል?»

«እሱ ነው።» ፍሬሙን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ልጅ ሆኜ አስመራ፣ ቃኘው፣ የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ላይብረሪ ውስጥ እሠራ ነበር። መጽሐፍ እደረድራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤዝቦል ሲጫወቱ ሰው ከጎደላቸው ያስገቡኛል። መጥፎ ተጫዋች ነበርኩ፤ ግን እሮጣለሁ። አንዱ ሳጅን ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን ሰጠኝ። የአያቱ ነበር፤ አያትየው ከትምባሆ ፓኮ ያወጡት። ‹ሳጅን፣ ይህን ለልጅህ ስጥ› ስለው ‹ልጅ የለኝም፤ ደግሞ ካንተ በላይ ማን ሮጦልኛል?› አለኝ። በደርግ ጊዜ ስወጣ ፎቶግራፎቼን ሁሉ ጥዬ ይህን መጽሐፍ ውስጥ ደብቄ ወጣሁ።»

ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ፈገግ አሉ።

«ከዚያ ስልሳ ዓመት ሲሞላኝ አልታየሽ ደብቃ ወሰደችውና በዚህ ፍሬም አድርጋ ሰጠችኝ። ራሷ ናት ያስገባችው። አቧራ እንዳይነካው፣ እጅ እንዳያገኘው ብላ። ከዚያ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም።»

ቅዳሜ የካርድ ሰብሳቢዎች ማኅበር የዓመቱ ትርኢት አለ። አባላቱ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ ካሉት ካርዶች አንዱን ብቻ ያመጣል፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ቤንጃሚን የሚባል እንግሊዛዊ፣ በማጉያ መነጽሩ አይቶ ደረጃውን ለሁሉም ያሰማል። ጋሽ ብርሃኑ ይህን ካርድ አንድም ጊዜ ወስደውት አያውቁም።

«ዘንድሮ እወስደዋለሁ» አሉ። «ለሚቀጥለው ዓመት ዳር ዳሩንም ላላይ እችላለሁ። አንቺም ትመጪያለሽ፤ አይደል? ክፈችው እስቲ።»

ሪሐብ የፍሬሙን ጀርባ የያዙትን ትናንሽ ሽቦዎች አንድ በአንድ አቃናች። ካርዱ መዳፏ ላይ ወደቀ። ሰማያዊ ማልያ የለበሰ፣ ጉንጩ ቀይ፣ ገና ልጅነት ያልለቀቀው ተጫዋች ነው። ስዕሉ ደማቅ ነበር። እጥፋት የለውም። ማእዘኖቹ እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው።

«ዋው» አለች። ከዚያ ጎኑን ለማየት ገልበጥ አደረገችው።

የግራውና የላይኛው ጠርዝ የቆየ ወረቀት መልክ አላቸው፤ ሻይ የነካቸው ይመስላሉ። የቀኙና የታችኛው ግን ነጭ ናቸው። ልክ ትናንት እንደተቆረጠ ወረቀት ነጭ። በስዕሉ ዙሪያ ያለው ክፈፍም በሁለቱ ጎኖች ቀጭን ነው። «የመቶ ዓመት ካርድ ጠርዙ ነጭ ከሆነ ጠርጥሪ» ብለው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የተቆረጠ ካርድ ቁጥር እንኳ አይሰጠውም፤ «ተነካክቷል» ተብሎ ይመለሳል። ቀስ ብላ የዚያው ተከታታይ ኅትመት የሆነ ሌላ ካርድ ከአልበሙ አውጥታ ላዩ ላይ አስተኛችው። በሁለት በኩል ተረፈ። ከዚያ ባዶውን ፍሬም አየችው። የአልበሙ ካርድ ወደዚያ አይገባም። የሳጅኑ ካርድ ግን ልክክ ይላል።

ማን እንደቆረጠው ገባት።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ጋሽ ብርሃኑ። እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው፣ ፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ምንም» አለች ሪሐብ። «ምንም የለበትም። ስምንት ይመስለኛል።»

«ስምንት!» እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «ስምንት። አዬ አልታየሽ፣ ይህን ብትሰሚ።»

ሪሐብ ካርዱን መልሳ ፍሬሙ ውስጥ አስገባች። ሽቦዎቹንም አንድ በአንድ መልሳ አጠፈቻቸው።

ቤት ስትገባ እናቷ ከሆቴል ሥራዋ ተመልሳ ወጥ እያማሰለች ነበር። ዩኒፎርሟን አላወለቀችም።

«አባትሽ ደውሎ ነበር» አለች ሰዓዳ። «ሰላም ብሎሻል።»

የሪሐብ አባት ሙሂዲን ደሴ ነው ያለው። ቪዛ ሲጠብቅ ቆይቷል።

«ቪዛውስ?»

«ፕሮሰስ ላይ ነው።» እናቷ ዞር ሳትል ማንኪያውን ድስቱ አፍ ላይ መታ መታ አደረገችው። «ኢንሻአላህ ምንም የለበትም።»

ሪሐብ በሩ ጋ እንደቆመች ቀረች። ይህን «ምንም የለበትም» ቅድም ታች፣ ከራሷ አፍ ሰምታዋለች፤ ድምፁም ያው ነው፤ ቀለል ያለ፣ ፈጠን ያለ። ቪዛው እንደተከለከለ ካወቀች ሰንብታለች። እናቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ለእህቷ በስልክ «ሪጀክት አድርገውታል፤ ለልጅቷ አልነገርኳትም» ስትል በሩ ስስ ስለሆነ ሁሉን ሰማች። ያኔ አልጋዋ ውስጥ ገብታ ትራሷን ነክሳ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ እናቷ «ፕሮሰስ ላይ ነው» ስትል ሪሐብ ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ነገር እያወቁ፣ እየተደባበቁ ይበላሉ።

«እማዬ» አለች። «ሪጀክት እንዳደረጉት አውቃለሁ።»

ማንኪያው ቆመ። ሰዓዳ ምድጃውን አጠፋችና በጣም ቀስ ብላ ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ለአክስቴ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ።»

«ያ ራቢ!» ሰዓዳ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ፊቷ በአንድ ጊዜ ያረጀ መሰለ። «ወላሂ ልደብቅሽ ብዬ አይደለም። ትምህርት ቤት ቀይረሽ፣ ጓደኛ የለሽ… በዚያ ላይ ይህን ብነግርሽ ብቻሽን ትጎጃለሽ ብዬ ነው።»

«ብቻዬን ነው የተጎዳሁት» አለች ሪሐብ።

እናቷ እጇን ዘርግታ የሪሐብን እጅጌ ያዘች፤ እንደ ሕጻን ልጅ እጅጌዋን ብቻ። «እንደገና አፕላይ እናደርጋለን» አለች። «አንቺም አብረሽኝ ታነቢዋለሽ። እንግሊዝኛው አይገባኝም።»

በማግስቱ ሪሐብ የጋሽ ብርሃኑን በር ስታንኳኳ ያጠናችው ንግግር ነበራት። በሩ ሲከፈት ጠፋባት።

«ትናንት ስምንት ያልኩት ትክክል አይደለም» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ካርዱ ተቆርጧል። በቀኝና በታች በኩል። ጠርዙ ነጭ ነው።»

ጋሽ ብርሃኑ የበሩን እጀታ እንደያዙ ቆሙ። «ሲታተም እንደዚያ ሆኖ ይሆናል።»

«አይደለም። ከሌሎቹ ጋር አስተያይቼዋለሁ። በሁለት በኩል ያንሳል።»

«ሳጅኑ እንግዲህ፣ ወይ አያቱ…»

ሪሐብ እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። አያትየው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው ነው፤ ቢታሙ የሚከፋው የለም። ግን ነጩ ጠርዝ የመቶ ዓመት አልነበረም፤ ቅዳሜ ቤንጃሚንም ይህንኑ ያያል፤ በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብሎ ይናገረዋል።

«ፍሬሙ ውስጥ ልክክ ይላል፣ ጋሽ ብርሃኑ» አለች። «ሌሎቹ ግን አይገቡም።»

መንገድ ላይ አምቡላንስ እየጮኸ አለፈ። ጋሽ ብርሃኑ ወንበራቸውን ዳብሰው ተቀመጡ። ከዚያ ጠየቁ፦

«ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው?»

«በጣም ቀጥ ብሎ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ተንሻፏል።»

«የልብስ መቀሷ ነው።» እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተቱ፣ ጨርቅ የሚያቃኑ ይመስል። «እሷ እኮ ልብስ ሰፊ ነበረች። ፍሬሙን ገዝታ፣ አልገባ ሲላት… ልክ እንደ ጉርድ ቀሚስ ጫፍ…» አልጨረሱትም። «እኔ ደግሞ በሄድኩበት ሁሉ፣ ለሰው ሁሉ፣ እጅ ያልነካው እያልኩ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ትናንት ለምን ዋሸሽኝ?»

«ደስ ብሎዎት ነበር» አለች ሪሐብ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማት ይሁን ሌላ አልገባትም። «አሁን ሂጂልኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ። ድምፃቸው አልተቆጣም። ያ ነው የከፋት፤ ቢቆጡ ኖሮ የምትለው ነገር ባገኘች።

ከዚያ በኋላ በሩ አልተከፈተም። ሪሐብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃው ላይ ቆም ትላለች፤ ከውስጥ ራዲዮው ይሰማል፤ ስታንኳኳ ራዲዮው ዝቅ ይላል፤ ማንም አይመጣም። ላይብረሪ ውስጥ ተቀምጣ ገጽ ትገልጣለች። አንዴ ለሳፋ «አንድ ነገር ተናግሬ ሰው ጠፋብኝ» ብላ ጻፈች፤ ከመላኳ በፊት አጠፋችው። ከየት ጀምራ ታስረዳለች? ስለ ቤዝቦል? ስለ ነጭ ጠርዝ? ባልናገር ኖሮ ስትል አሰበች፤ አሁን ማጉያ መነጽሩን ይዤ ጠረጴዛው ላይ ነበርኩ። ቢያንስ እስከ ቅዳሜ።

ቅዳሜ ጠዋት ደረጃው ላይ የምርኩዝ ድምፅ ሰማች። ወደ መስኮቱ ሮጠች።

ጋሽ ብርሃኑ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ የጨርቅ ቦርሳ በክንዳቸው አንጠልጥለው መንገዱን ተሻገሩ። አውቶብስ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ቦርሳውን አጠገባቸው አስቀመጡ። አውቶብስ መጣ። ተነስተው ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩ፤ ቁጥሩን ከዳር ሊይዙት ሞከሩ። ሰዎች ወጡ፣ ወረዱ፤ አውቶብሱ ሄደ። ሌላ መጣ። አንዲት ጋሪ የምትገፋ ሴት አጠገባቸው ነበረች፤ ሊጠይቋት ይመስል አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ስልኳን ይዛ ስለነበር መልሰው ዘጉት። ያም ሄደ። እንደገና ተቀመጡ።

«ምንድን ነው የምታዪው?» አለች ሰዓዳ ከኋላዋ መጥታ። ወደ ታች ተመለከተች፤ ከዚያ ልጇን። ከበሩ ጀርባ ጃኬቷን አንስታ ሰጠቻት።

ሪሐብ ደረጃውን ስትወርድ ምን እንደምትል አላሰበችም። «ሂጂልኝ» ያሏት ሰው ናቸው፤ አሁንም ሂጂ ሊሏት ይችላሉ። መንገዱን ተሻግራ ከአግዳሚው ጀርባ ቆመች። አውቶብስ እየመጣ ነበር። ጋሽ ብርሃኑ የሰው ጥላ አይተው ማን እንደሆነ ሳይለዩ በእንግሊዝኛ ጠየቁ፤ ትሕትና በበዛበት፣ የድሮ ሰው እንግሊዝኛ፦

«ይቅርታ፣ የመጣው ስንት ቁጥር ነው?»

«የእኛ አይደለም፣ ጋሽ ብርሃኑ» አለች ሪሐብ በአማርኛ። «የእኛ ከኋላው ያለው ነው።»

ጋሽ ብርሃኑ ቦርሳውን ከአግዳሚው ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ሪሐብ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠች።

«ይዤዋለሁ» አሉ ቦርሳውን ነካ አድርገው። «ፍሬሙንም ጭምር። ቤንጃሚን ሲጠይቀኝ ማን እንደቆረጠችው እኔ እናገራለሁ። ካርዱን ግን አንቺ ነሽ የምታነቢላቸው። ያየሽውን።»

«ሁሉንም?»

«የተንሻፈፈውንም።»

የፊተኛው አውቶብስ ቦታውን ለቀቀ። ሪሐብ ተነስታ ለሚቀጥለው እጇን ዘረጋች።